ተሾመች ያልጨረሰችው መሐላ

እኔ ፈዲላ ምሥጢር አይቀመጥብኝም። ይሄን ውጫሌ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም። «ለፈዲላ ከመንገር ጥሩንባ መንፋት ይሻላል» ይሉኛል ነጠላና ሽርጥ የሚገዙኝ ሁሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልቀየማቸውም። ታዲያ ያን ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሼኽ ዘይኑልአቢዲን ሱቄ ገብተው «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እስከ እሁድ ጎሕ ድረስ ከአፍሽ እንዳይወጣ» ሲሉኝ፣ ሰውዬው ምን ነካቸው ብዬ ነበር። ሼኽ ዘይኑ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው፣ መርዶም የሚያረዳው ያው አንድ ቅሬ ነው፤ እሳቸው በር ላይ ሲቆሙ ሰው «ማን ሞተ?» ይላል።

«ታሪኩ አልፏል» አሉኝ።

ታሪኩ የተሾመች ልጅ ነው። ተሾመች ደግሞ ጎረቤቴ ብል አይበቃም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረናል። የሷ ባል ጥሏት ሄደ፣ የኔው ሞተ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻችንን እንዳንድ ቤት ልጆች አሳደግናቸው። እሷ ታማ የተኛች ጊዜ ታሪኩን አርባ ቀን ያጠባሁት እኔ ነኝ። በኛ ደንብ የጡት ልጄ ነው፣ የልጄ የሙሀይሚኔ ወንድም።

ሁለቱ የወጡት አብረው ነው። በባቲ አድርገው፣ አፋርን አቋርጠው፣ ጋላፊ ላይ ድንበር ተሻግረው ጅቡቲ ገቡ። ከዚያ ኦቦክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ደረሱ፤ ባሕር ዳር ናት፣ ከማዶዋ የመን ነው አሉ። ሙሀይሚን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከዚያ ነው። «እማ፣ ዓሣ እየበላን ነው፣ ነገ እንሻገራለን» አለኝ። ነገ ያለው ሦስት ወር አለፈው።

«ጀልባዪቱ ተገለበጠች» አሉ ሼኹ። «ወሬው የመጣው አብሯቸው ከነበረ ከመርሳ ልጅ ነው።»

«ሙሀይሚንስ?»

ከተሰቀለው ሽርጥ የአንዱን ጫፍ ይዘው ማሻሸት ጀመሩ። «ስለሱ የተረጋገጠ ነገር የለም። አላህ ያውቃል» አሉ።

ያኔ በሆዴ ያልኩትን አልደብቅም። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ያጠባሁት ልጅ መሞቱን በሰማሁበት ጆሮ፣ የኔው አይደለም ብዬ አመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው፣ ኋላ ኋላ።

ሼኹ ያሰቡት ይሄ ነበር፤ ተሾመች ደም ግፊት አለባት፣ እቤቷ ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ፈንታሁን ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቤቱም ለሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ቅዳሜ እኔ «ዓሣ እንብላ» ብዬ እወስዳታለሁ፣ እዚያው እናድራለን፣ እሁድ ጎሕ ሲቀድ እንደ ደንቡ የቅሬው ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። «ቅዳሜ በደንብ ትብላ» አሉኝ ሲወጡ፣ «ከዚያ ወዲያ እህል በአፏ መቼ እንደሚዞር አናውቅም።»

እሺ አልኩ። ግን አፌን የማሠር ነገር! ሌላው ሌላ ነው፣ የኔና የተሾመች መሐላ በልጆቻችን ነው። ሽሮዋ አሯል ብዬ «ታሪኩ ይሙት!» እላታለሁ። ብዪ ስትለኝ እምቢ ካልኩ «ሙሀይሚን ይሙት ብዪ!» ትለኛለች፣ ያኔ ጠግቤም ቢሆን እበላለሁ። ደግ መሐላ ነው፣ ሰው በሚሳሳለት ነው የሚማለው። ከሐሙስ ወዲህ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የሞተን ልጅ እንዴት ይሙት ብዬ ልማል? አንድም ሳልምል ሁለት ቀን ዋልኩ። ለኔ ይሄ ከረመዷን የከበደ ጾም ነው።

ዓርብ ማታ ሦስት ዓይነት ውሸት አዘጋጅቼ በሯን ሳንኳኳ፣ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ፈዲ፣ ነገ ሐይቅ ጋሼ ጋ ሄደን ዓሣ ብንበላስ?» አለችኝ።

አላህ ሲያገራው እንዲህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ላይ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ አልተጣላንም። እንደ ወትሮው ቢሆን «ያስታውከኛል» ብላ ገፍትራኝ ነው የምትገባው። ዛሬ «አንቺ ግቢ፣ ነፋስ ይንካሽ» አለችኝ። እኔም «የለም አንቺ ግቢ» አልኳት። ረዳቱ «ምን ሆናችኋል፣ አንዳችሁ ግቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸብን። ገባሁ። ቦርሳዬን ከጭኔ አንሥታ እሷ ያዘችው። መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም። እጇ ቀዝቅዟል። ልቧ ነግሯታል፣ የእናት ልብ አይዋሽም እያልኩ፣ ለሷ እያዘንኩ፣ በመስኮቱ የአምባሰልን ተራራ እያየሁ ተጓዝን።

ተሳፋሪው ስለ ማዳበሪያ ያወራል። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ስልኳን ጮክ አድርጋ «ደረስክ? ጅቡቲ ደረስክ?» ስትል፣ እኔና ተሾመች እኩል ማውራት ጀመርን። ስለ ቲማቲም ነበር መሰለኝ። እኔ እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው። እሷ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐይቅ ከተማ ወርደን በባጃጅ ወደ ውኃው ሄድን። ዳር ላይ ያለው ሎጅ ሞልቷል። ከደሴ የመጡ ወጣቶች ወንበሩን ሁሉ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ፣ አንዲት ሙሽራ በነጭ ልብስ ጀልባ ላይ እንድትቆም ያባብሏታል። ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። እኔና ተሾመች ለውኃው ቅርብ የሆነች ጠረጴዛ አገኘን።

ጋሽ ፈንታሁን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጣ። እህቱን ሦስት ጊዜ ሳማት። ወደኔ ዞሮ ደግሞ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «አይዞሽ ፈዲላ፣ አብሽሪ» አለኝ።

እኔን! ቀልቡ ጠፍቶ ሰው ተሳስቶበት ነው አልኩ። ለመርዶው የተጨነቀ ሰው ምን ይላል? ዓይኑ ቀልቷል። ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው እንዲያመጡልን ለአስተናጋጁ ነግሮ «መረቤን አንሥቼ ልምጣ» አለና ወደ ጀልባው ሄደ። ሲሄድ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየንም።

ተሾመች ውኃውን ታያለች።

«እዚህ ነው ዋና የተማሩት» አለች።

እውነት ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየመጡ ጋሽ ፈንታሁን ዋና ያስተምራቸው ነበር። ሙሀይሚን ፀጉሩን አርሶ ሲመጣ «ሳምባ ምች ሊይዝህ ነው፣ አንተ ቀላል!» ብዬ እጮህበታለሁ። ለምን እንደሚማር አልጠየቅሁትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ፈዲ፣ ባሕሩ ከዚህ ይበልጣል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ይሄ እንኳ ማዶው ይታያል» አለች። «ማዶው ከታየ ሰው ይበረታል አይደል?»

ያረቢ፣ ዝም አሰኛት ብዬ ለመንኩ። ያኔ ዓሣው መጣልን፣ በአንድ ሰፊ ሳህን። ሥጋ ቢሆን የሷ ለብቻዋ የኔም ለብቻዬ ነበር። ዓሣ ግን የክርስቲያን ቢላዋ፣ የእስላም ቢላዋ የለውም፣ ሁለታችንም ከአንድ ሳህን እንበላለን። ልጆቹም ሕፃን ሆነው «እማ፣ ዓሣ ይሠራ፣ አብረን እንድንበላ» ይሉን ነበር።

ትብላ ብለውኛል። ስለዚህ አጎረስኳት። እሷም አጎረሰችኝ። እኔ ሁለተኛ ሳጎርሳት እሷ ሦስተኛ አዘጋጅታለች። እሾሁን በጥፍሯ እየለቀመች፣ ነጭ ነጩን እየመረጠች ወደኔ ትገፋለች። «አንቺ ብዪ እንጂ!» እላታለሁ። «አንቺ ብዪ!» ትለኛለች። ሰው ቢያየን ፍቅር ነው ይላል። ላብ አጥምቆኛል።

«በቃኝ ተሹ፣ ጠገብኩ።»

«አልጠገብሽም! ይቺን ብቻ። ሙሀይሚን ይ...»

አቆመች።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ቶሎ ብላ «በእመቤቴ ብዪ፣ በእመብርሃን!» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በእመብርሃን ለምናኝ አታውቅም። ጉርሻው ከአፌ ፊት ቆሟል። ዘይቱ በአውራ ጣቷ ወደ ክንዷ ይወርዳል። እሱን እያየሁ፣ ያ ቃል ለምን እንደማይወጣት ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እኔ ራሴ ከሐሙስ ጀምሮ ያንኑ ስውጥ ነው የከረምኩት።

«ጨርሺው» አልኳት።

«ምኑን?»

«መሐላውን። ሙሀይሚን ይሙት በይኝና እበላለሁ።»

ጉርሻው ከእጇ ሳህኑ ላይ ወደቀ። «በልጅ መማል ጠልቻለሁ» አለች።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሐሙስ» አለች፣ ሳታስበው። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐሙስ። ሼኽ ዘይኑ ሱቄ የገቡበት ሐሙስ። የሎጁ ሙዚቃ፣ የወጣቶቹ ሣቅ፣ ሁሉም ከጆሮዬ ጠፋ። የሽርጡን ጫፍ ሲያሻሹ ታየኝ። ፊቴን አላዩም ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቴን አላዩኝም።

ተሾመችም ፊቷ ይለዋወጥ ጀመር። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ቀስ ብላ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ሽሮ አረረ ብለሽ በታሪኩ የምትምዪ ሴት፣ ከሐሙስ ወዲህ አንድ ጊዜ ታሪኩ ይሙት ስትዪ አልሰማሁሽም። በዪ እስኪ። አሁን በዪ።»

ላድናት ፈለግሁ። ወላሂ ፈለግሁ። አንድ ቃል ነው፣ በቀን ሃያ ጊዜ የምለው። «ታ...» ብዬ ምላሴ እምቢ አለኝ።

ተያየን።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ጋሼ። ሐሙስ ውጫሌ መጥቶ። ፈዲላ ስኳር አለባት፣ ብቻዋን ከሰማች ትወድቃለች፣ አንቺ ይዘሻት ነይ አለኝ። በደንብ ትብላ አለኝ።»

«ስለ ታሪኩስ ምን አለሽ?»

«ስለሱ የተረጋገጠ ነገር የለም አለኝ።»

ቃል በቃል። ለኔ የተባለው ያው ነው ለሷም የተባለው። እኔ የሷን መርዶ ይዤ፣ እሷ የኔን መርዶ ይዛ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን በአንድ ሚኒባስ መጣን።

«ከሁለታችን አንዳችንን ዋሽተውናል» አለች ተሾመች። «አንዱ ውሸት ነው። አይደለም? አንዱ ለማምጫ የተባለ ነው።»

ያን ጊዜ የተመኘሁትን አላህ ይቅር ይበለኝ። የሷ ይሁን አልኩ። ያጠባሁት ልጅ፣ «እማ ፈዲ» የሚለኝ ልጅ፣ እሱ ይሁን የሞተው አልኩ። ቀና ብዬ ዓይኗን ሳይ እሷም ያንኑ ትለምናለች። የእናት ዓይን ይታወቃል። አንድ ሳህን ላይ ተቀምጠን፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሽንኩርት የተካፈልን ሴቶች፣ ሞቱ ያንቺ ነው ያንቺ ነው እየተባባልን ያለ ድምፅ እንገፋፋለን። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። እንደዚያም ወድጄ አላውቅም።

የጋሽ ፈንታሁን ጀልባ ከውኃው መሐል ታየች። እየቀዘፈ ወደኛ ይመጣል። ሁለታችንም ተነሣን። ማን ቀድሞ እንደተነሣ አላውቅም፣ ወንበሩ ግን ወደቀ። ውኃው ዳር ሄደን ቆምን። እሷ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቆመች፣ እኔም ፈቀቅ አልኩ። በመሐላችን ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ ነበር።

ቀዘፋው አያልቅም። መቅዘፊያው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ከዚያች ጀልባ ላይ የሚወርደው አንድ ቃል ነው፣ ለአንዳችን ሕይወት ለአንዳችን አፈር። ፍጠን እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ አትድረስ፣ እዚያው ቆይ እላለሁ። ተሾመች «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። እኔ የምቀራው ሱራ ሁሉ ጠፋኝ፣ «ያረቢ የኔን፣ ያረቢ የኔን» ብቻ ነው የምለው።

ሳይደርስ ጮህኩበት። «ጋሽ ፈንታሁን! የማነው?»

መቅዘፉን ተወ። ጀልባዋ በራሷ ትንሽ መጣችና ቆመች። እኔን አየ፣ እህቱን አየ፣ በመሐላችን ያለውን ቦታም አየ።

«ነገ ጠዋት...» አለ።

«አሁን!» አለች ተሾመች። «ጋሼ፣ በእናታችን አፅም! አንዱን ጥራልን!»

ወደ ውኃው ወረደ። ጀልባዋን እየጎተተ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንድ ጀልባ ላይ ነበሩ» አለ።

«እሺ፣ አንዱስ?» አለች ተሾመች። «አንዱስ ጋሼ?»

«ተያይዘው ነው የተገኙት። እዚያው ባሕሩ ዳር ቀበሯቸው።» እያለቀሰ ነበር። «አንዱ ወጥቶ ነበር አሉ፣ ዋና ይችል ነበር አሉ። ሌላውን ሊያወጣ ተመለሰ። የመርሳው ልጅ ጨለማ ስለነበር የትኛው እንደተመለሰ አላየም። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እዚሁ ውኃ ላይ ነው።»

ለምን ዋሻችሁን ማለቴን አስታውሳለሁ። «ለምን እንዲህ አደረጋችሁን?»

«ሁለታችሁን ማን ይያዝ?» አለኝ። «ከሼኹ ጋር ረቡዕ ሌሊቱን ሙሉ አሰብን። አንቺን ከተሾመች በቀር፣ እሷን ካንቺ በቀር የሚይዝ ሰው አጣን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከሰማችሁ ማን ማንን ያመጣል?»

ጩኸት አልመጣም። ተሾመች ወደኔ ዞረች። በመሐላችን ያለውን ቦታ ግን አልተሻገረችም።

«ፈዲ» አለችኝ። «ሐሙስ ዕለት ሲነግሩሽ፣ ተመስገን ብለሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ብያለሁ» አልኳት።

«እኔም ብያለሁ» አለች።

ከዚያ ነው የተያያዝነው። እኔ እሷን፣ እሷ እኔን፣ አሸዋው ላይ ወደቅን። ጩኸቱም ያኔ መጣ። ሙዚቃው ቆመ፣ ሙሽራዋ ከጀልባዋ ወረደች፣ ከደሴ የመጡት ወጣቶች ስልካቸውን እያስቀመጡ ከበቡን።

ከሐሙስ ጀምሮ ማታ ማታ ስተኛ ለመርዶው ስዘጋጅ ነበር። ለታሪኩ ምን ብዬ እንደማለቅስ ቃሉን አንድ በአንድ አዘጋጅቼ ነበር፣ ተሾመችን ላግዛት። እሷም ለሙሀይሚን አዘጋጅታ ኖሯል። ስለዚህ እኔ ደረቴን እየመታሁ «ታሪኩዬ፣ የጡቴ ልጅ፣ እማ ፈዲ የምትለኝ» እላለሁ፣ እሷ «ሙሀይሚኔ፣ ረዥሙ፣ ቤቴን አጎንብሰህ የምትገባው» ትላለች። ለየራሳችን ልጅ ያዘጋጀነው አንድም ቃል አልነበረንም።

ከከበቡን አንዷ ሴት ጎንበስ ብላ «ታሪኩ ልጅሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።